ትከሻችን የስብሰባ ማድመቂያ አይደለም

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጭፈራ ነው? ባህላችንን አታበላሹብን!» ሙከራዊ ዳንስ ወይም በአካል የሚነገር ቴአትር በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ይህንኑ ነው። እኔም የመካነ ሰላም ልጅ ነኝና ጥያቄውን ገልብጬ ልጠይቅ፦ እናንተስ እስካሁን ምን አደረጋችሁበት? ስብሰባ ሊከፈት ሲል አምስት ደቂቃ ትከሻ ይነቀነቃል። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ይጨፈራል። ሹሙ ማይክ ሲጨብጥ ጨፋሪው በጓሮ በር ይወጣል። ጠበቃ የቆማችሁለት ባህል ይሄ ነው?

በመስመር ተሰልፎ፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ ፊትን ወደ ተመልካች አዙሮ መጨፈር ከአያቶቻችን እንዳለ የወረደ አይደለም። የሠርግ ቤት ጭፈራ ክብ ነው፤ አጨብጫቢውም ተራው ሲደርስ ይገባል። መስመሩን ያመጣው መድረክ ነው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፣ ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ እንደ ወሎ ላሊበላ ያሉ የኪነት ቡድኖች መጡ። የመንደሩን ጭፈራ ቆርጠውና ቀጥለው ለመድረክ አበጁት። ሞከሩ ማለት እኮ ነው! በዚህ አልወቅሳቸውም። የምወቅሰው የእነሱን ሙከራ አድርቆ «ከዚህ ወዲያ አይነካም» የሚለውን ነው።

የደረቀው ጭፈራ ትልቁ ችግሩ ፈገግታው ግዴታ መሆኑ ነው። በ1977ቱ ረሃብ ከኮረም የወጣው ምስል ዓለምን ዞረ፤ የወሎ ሰው የከሳ አካል ሆኖ ታየ። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ «ሕዝብ ለሕዝብ» የአገሪቱን ጭፈራ ይዞ በየአገሩ ተጓዘ። ከዚያ ወዲህ ለወሎ አካል ሁለት ቦታ ብቻ የተተወለት ይመስለኛል፦ ወይ ይራባል፣ ወይ ያምራል። የሚደክም፣ የሚያዝን፣ የሚቆጣ ወሎዬስ? በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደቡብ ወሎ ድረስ ዘልቆ ሰው ልጁን አዝሎ ሸሽቷል። ያንን በየትኛው እስክስታ እንንገረው? እየሳቅን?

የጎደለን ቋንቋ አይደለም። ከመካነ ሰላም ወጣ ብላችሁ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ሰዎች በቃሬዛ በሽተኛ ተሸክመው ሲወጡ እዩ፤ ሳይቆሙ ትከሻ ይቀያየራሉ። ደቦ ላይ ጎንበስ ያለውን ረድፍ እዩ። አውድማ ላይ በመንሽ እህልና ገለባ ሲለዩ፣ ነፋስ እስኪመጣ እንዴት እንደሚጠብቁ እዩ። ለቅሶ ላይ ደረቷን የምትመታዋ እናት ሐዘኗን ያለ አንድ ቃል ትነግራችኋለች። ጸሎትና ለቅሶ እንዳለ ተቀድቶ መድረክ ላይ ይውጣ አላልኩም፤ ነውር ነው። እኔ የምለው፣ ይህን ሁሉ የሚያውቅ አካል ያለው ወጣት የራሱን ሥራ ይፍጠር ነው።

«የፈረንጅ ነው» የሚለው ክስም አያስኬድም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመውን የአዱኛ ዳንስ ቡድን እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም አግዟል። ጎዳና ላይ የነበሩ ልጆች ግን ለዓመታት ሠልጥነው ራሳቸው ፈጣሪ ሆኑ። ከመካከላቸው ጁናይድ ጀማል እና አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። አዱኛ አካል ጉዳተኞችንም አስጨፍሯል፤ «ጭፈራ ለቆንጆና ለጤነኛ ነው» የሚለውን ሐሳብ በተግባር አፈረሰ። በሌላ መንገድ ደግሞ መላኩ በላይ ካዛንቺስ ከነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ተነስቶ እስክስታን ከዘመናዊ ሙዚቃ ጋር አጋፈጠው። እስክስታው ሞተ? ኧረ አልሞተም!

ለሙከራ ወዳጆችም አንድ ቃል አለኝ። ጥቁር ሹራብ ለብሶ መሬት ላይ መንከባለል ብቻውን ሙከራ አይሆንም። ሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ወደ ሸገር መመለስም እንደዚያው። ተመልካች ካልገባው ሁልጊዜ ጥፋቱ የተመልካች አይደለም። የቦረና ገበሬ ቃሬዛ የተሸከመን ሰው አረማመድ ከእናንተ በላይ ያውቃል፤ ብትዋሹ ይነቃባችኋል። ከእሱ የተሻለ ሃያሲ ከየት ታመጣላችሁ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት መካነ ሰላም አንድ ባዶ አዳራሽ አታጣም። በሳምንት ሁለት ማታ ለወጣቶቹ ይከፈት። ምን እንደሚሠሩ አስቀድሞ አይጠየቁ። መክሸፍም ይፈቀድላቸው። ለስብሰባችሁ ማሟሟቂያ ካስፈለገም፣ አብሽሩ፣ ካሴት ክፈቱ።