ልጅን ዝም የሚያሰኝ መሣሪያ አያስተምርም

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል ለሹመት ፈላጊ የተነገረ ቢመስልም ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው ለትምህርት ቤት ነው። የማይጠይቅ ተማሪ የሰማውን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ የሚጠይቅ ግን ያልተነገረውንም ጭምር ያገኛል። ዛሬ በኢንተርኔት ብዙ የማስተማሪያ መሣሪያዎች ይገኛሉ። ተማሪው ሲነካቸው ይለወጣሉ፤ ሲሞክርባቸው ይመልሳሉ፤ ሲሳሳትም ስሕተቱን ወዲያው ያሳዩታል። እነዚህን ለጀማሪ መምህራን ስለ ማስተዋወቅ ስንከራከር ሚዛናችን ያው የቀድሞው አባባል ሊሆን ይገባል። የመሣሪያው ዋጋ በመስታወቱ ብርሃን አይለካም፤ ልጁን እንዲጠይቅ በማድረጉ ይለካል እንጂ።

ነገሩን ከከተማ ሆኖ መመልከት ስለሚያታልል ወደ ላስታ እንውጣ። ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በትልቅ ዋሻ ውስጥ፥ የዛጉዌው ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ ተራ በተራ እየተነባበረ የተሠራ ነው፤ ይህም ከአኵስም ዘመን የወረደ የአናጺዎች ጥበብ ነው። እንዲህ ያለው የእጅ ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በማየት ብቻ አይደለም። ተማሪው መሣሪያውን ራሱ ጨብጦ፥ አበላሽቶ፥ ጌታው እያረመው እንደገና ሲሠራው ነው። በዚያው ደጋ የሚኖረው ያሁኑ ዘመን ተማሪ ግን ኤሌክትሪክን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከተሣለ ሥዕል ብቻ ሊማር ይገደዳል፤ በብዙ የገጠር ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የለምና።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ይሟገቱናል። የፊተኞቹ «ላስታ አስቀድሞ መንገድ፥ መብራት፥ ወንበርና መጽሐፍ ይግባለት፤ ኮምፒዩተሩ ይቆየው» ይላሉ። አነጋገራቸው ርኅራኄ ያለበት ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ፍርድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተማሪዎች በከፊል በኮምፒዩተር በኢንተርኔት አማካይነት ሰጥቷል። ይህ አሠራር እየሰፋ በሄደ መጠን የአዲስ አበባው ልጅ ከሕፃንነቱ የለመደውን መሣሪያ ይዞ ይፈተናል፤ የላስታው ልጅ ግን የኮምፒዩተሩን አያያዝ የሚማረው በፈተናው ዕለት ይሆናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ካገኙት ውጤት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ የደረሱት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደ ነበሩ አንርሳ። ይህን ጉድለት አንድ መሣሪያ አላመጣውም፤ አንድ መሣሪያም አያቃናውም። ነገር ግን ሸክም በከበደበት ልጅ ላይ ሌላ ሸክም ጨምሮ «ይቆየው» ማለት ከፍርድ በቀር ምን ይባላል?

የኋለኞቹ ደግሞ «መሣሪያውን ግዙና አድሉ፤ ወጣቱ መምህር ስልክ ከእጁ አይለይም፤ ራሱ ይወጣዋል» ይላሉ። እውነት ነው፥ ወጣቱ መምህር በቴሌግራም መልእክት መላላክ ያውቃል። ነገር ግን እርሳስ መያዝ የሚያውቅ ሁሉ ሥዕል ማስተማር እንደማይችል፥ ስልክ መነካካት የሚያውቅም ሁሉ በስልክ ማስተማርን ያውቃል ማለት አይደለም። ደግሞም መሣሪያ አድሎ መምህሩን መርሳት ምን እንደሚያስከትል ከሩቅ አገር ታሪክ መፈለግ አያሻንም፤ በገዛ አገራችን አይተነዋል።

በ1997 ዓ.ም. ገደማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ተጀመረ፤ ሕዝቡም ከመስታወቱ ስም ተነሥቶ «ፕላዝማ» ሲል ጠራው። አሳቡ መልካም ነበር፤ የገጠሩም የከተማውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት ከአንድ ጥሩ መምህር እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በመስታወቱ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየተናገረ ያልፍ ነበር እንጂ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያነሣ አያየውም፤ «ይድገሙልኝ» ቢለው አይሰማውም። በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ደግሞ ሥራው በመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፥ በመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ሆኖ ቀረ። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ትምህርቱ ሳይጠብቅ ያልፋል። እንግዲህ መሣሪያው ዘመናዊ ነበር፤ ትምህርቱ ግን አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት ነበር። መምህሩንም ተማሪውንም በአንድነት ተመልካች አደረጋቸው።

መጠየቅና መመለስ ያለበት ትምህርት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ላስታ የሚጎራበተው ዋድላ በቅኔ ቤቱ ስሙ የተጠራ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ በቃሉ ይዞ ዝም አይልም። ብቻውን ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። የቆጠረውንም ይዞ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም «ይህ ቤት አልመታም፤ ይህ ምሥጢር አልተገናኘም» እያለ ያርመዋል፤ የበሰሉት ተማሪዎችም ታናናሾቻቸውን ያግዛሉ። ተማሪው በየቀኑ ይሞክራል፥ በየቀኑ ይሳሳታል፥ በየቀኑ ይታረማል። ታዲያ ዛሬ «አሳታፊ ትምህርት» የሚባለውን ነገር ከውጭ የመጣ ባዕድ ነገር አድርጎ የሚፈራው ሰው አባቶቹ የተማሩበትን ቤት አያውቅም ማለት ነው።

አዲሶቹ መሣሪያዎች ከፕላዝማው የሚለዩት በዚሁ ነው። የኖቤል ተሸላሚው ፕሮፌሰር ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱትን «ፌት» የተባለውን መሣሪያ እንመልከት። ተማሪው በመስታወቱ ላይ ባትሪ፥ ሽቦና አምፑል ያገናኛል፤ በትክክል ካገናኘ አምፑሉ ይበራል። የባትሪውን ሁለት ጫፍ በሽቦ ብቻ ቢያገናኝ በሥዕሉ ላይ እሳት ይነሣል፤ እጁ ግን አይቃጠልም። ማርኩስ ሆሄንዋርተር የተባሉት ኦስትሪያዊ በ2001 እ.ኤ.አ. የጀመሩት «ጂኦጀብራ» ደግሞ ለሒሳብ መምህር የሚሆን ነው። ተማሪው ሦስት ማዕዘን ሠርቶ አንዱን ጫፍ ወደፈለገበት ይጎትታል፤ ማዕዘኖቹ ይጠባሉ፥ ይሰፋሉ፤ ድምራቸው ግን ከ180 ዲግሪ ንቅንቅ አይልም። ልጁ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ይህን ጊዜ ነው። ጥሩ መምህር የሚታወቀውም መልሱን ቶሎ ባለመናገሩ ነው።

«ኢንተርኔት በሌለበት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት በተዘጉ ጊዜ ኢንተርኔት ያልደረሰው ልጅ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደ ቀረ አይተናል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ነገር ግን ፌትንም ጂኦጀብራንም አንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተር ካወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። «ኮሊብሪ» የሚባለውም በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ትምህርቱን አስቀምጦ፥ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ በአካባቢው ላሉት ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ያዳርሳል። መምህሩ ወደ ከተማ በወረደ ጊዜ ጭኖት የተመለሰው ትምህርት ለአንድ ወሰነ ትምህርት ሊበቃው ይችላል። የሚጎድለው ይህን እንዲያውቅ የሚያደርገው ሰው ነው።

እንግዲህ ጀማሪው መምህር እንዴት ይሠልጥን? ስለ አሳታፊ ትምህርት ለሁለት ሰዓት ንግግር አሰምቶ፥ አስፈርሞና የምስክር ወረቀት ሰጥቶ ማሰናበት ሥልጠና አይደለም፤ ዝም ብሎ የተማረ መምህር ዝም አሰኝቶ ያስተምራልና። ሥልጠናው በአራት ነገር ይመራ ዘንድ እንጠይቃለን። አንደኛ፥ ሠልጣኙ አስቀድሞ እንደ ተማሪ ተቀምጦ በመሣሪያው ይሞክር፥ ይሳሳት። ሁለተኛ፥ ሃያ መሣሪያ በስም ከመቁጠር አንዱን መርጦ፥ ከሚያስተምረው መጽሐፍ አንዱን ምዕራፍ ይያዝበት። ሦስተኛ፥ መሣሪያውን ከመክፈቱ በፊት ለተማሪዎቹ የሚያቀርበውን ጥያቄ በጽሑፍ ያዘጋጅ፤ መብራት ቢጠፋ ያንኑ ጥያቄ በጠመኔና በድንጋይ ጠጠር እንዴት እንደሚያስኬደውም አብሮ ያሰናዳ። አራተኛ፥ ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት ከሄደ በኋላ ብቻውን አይተው፤ በሥራ የቆየ መምህር ክፍሉ ገብቶ ይየው፥ ይምከረው። የቆየው መምህር መሣሪያውን ባያውቅ እንኳ ልጅን ያውቃል፤ አዲሱ መምህር ደግሞ መሣሪያውን ያውቃል፤ ሁለቱ ቢተጋገዙ ነውር የለበትም።

የቋንቋውም ነገር አይዘንጋ። ከእነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የተሰናዱት በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም የፌት ሥራዎች በበጎ ፈቃደኞች ወደ ብዙ ቋንቋዎች ይተረጎማሉ። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ተማሪዎች ለመመረቂያቸው አንድ አንድ ትምህርት በአማርኛና በሌሎቹ የአገራችን ቋንቋዎች ቢተረጉሙ፥ ትርጉሙም በመምህራኖቻቸው ቢታረም፥ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለገጠሩ ልጅ የሚደርስ መልካም ስንቅ ይከማች ነበር።

ስለዚህ ሹማምንት የምታድሉትን ኮምፒዩተር ብቻ አትቍጠሩ፤ በእርሱ ያስተማረ መምህር ስንት እንደ ሆነም ጠይቁ። የኢንተርኔቱን ሒሳብ ከመምህሩ አነስተኛ ደመወዝ አትጠብቁ። መምህራን ሆይ፥ መሣሪያው ከእናንተ ወንበር ይነጥቀናል ብላችሁ አትፍሩ፤ ወንበሩን የሚነጥቀው ጥያቄ የማይወድ ልማድ ነው። ተማሪዎችም ያልገባችሁን ከመጠየቅ አትፈሩ። በፕላዝማው ዘመን ያጣነውን ጥያቄ ለይምርሐነ ክርስቶስ አካባቢ ልጅ ዛሬ መመለስ ይቻላል፤ መመለሱም በአንድ ጊዜ ግዥ የሚፈጸም ሳይሆን በየዓመቱ ጀማሪ መምህራንን በሥራ እያለማመዱ የሚሠራ የዘወትር ግዴታችን ነው።