የሕፃን ቀለብ በኪሎ እህል ብቻ አይለካም
ለልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ኃላፊዎችና ለጋሾች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ብዙ አባወራዎች በክፉ ቀን በሬያቸውን ሸጠው ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ ታድጓል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የቤተሰቡ ጎተራ መሙላት የሕፃኑን ገበታ አላሻሻለም። ከ2000 እስከ 2004 ዓ.ም. ተጠቃሚ ቤተሰቦችን የተከታተለ ጥናት ፕሮግራሙ የሕፃናትን መቀንጨር እንደቀነሰ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 38ቱ ቀንጭረው ነበር፤ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ደግሞ ተገቢውን ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ከቀለቡ ስሌት ይጀምራል። በምግብ የሚሰጠው ድጋፍ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው፤ 4 ኪሎ ጥራጥሬ መታከሉም መልካም ነው። የአሥር ወር ሕፃንም እንደ አባቷ አንድ ራስ ሆና ትቆጠራለች። ሆዷ ግን ትንሽ ስለሆነ በስንዴ ገንፎ ቶሎ ይሞላል፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመንና ካሮት የሚሰጡትን ከዚያ አታገኝም። ደንቡ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከማኅበረሰብ ሥራ ነፃ ሆና ድጋፉ እንዲቀጥልላት ያዛል። የእናትን ጉልበት ያሰበ ደንብ የልጇን ምግብም ሊያስብ ይገባዋል።

«በጀት ውስን ነው፤ መጀመሪያ ሆድ ይሙላ» ትሉ ይሆናል። እኔም የማንም ቀለብ ይቀነስ አልልም። የምጠይቀው ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ላለበት ቤት ብቻ፣ ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ብቻ፣ ለእንቁላልና ለአትክልት የሚሆን ጥሬ ገንዘብ እንዲታከል ነው። በዚህ ዕድሜ የደረሰን መቀንጨር በኋላ ማካካስ እጅግ ከባድ ነው፤ ዛሬ የተቆጠበው ብር ነገ በትምህርትና በጤና ይከፈላል። «ችግሩ የእናቶች ግንዛቤ ነው» የሚለውም ሙሉ መልስ አይሆንም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ገንፎው ላይ እንቁላል ጨምሪ ብላ አስተምራለች፤ እናትየው ግን ዶሮዋ የጣለችውን ገበያ አውጥታ ጨውና ሳሙና ትገዛበታለች። ትምህርቱ አልጠፋትም፣ አቅም ነው ያጣችው። ተጨማሪውን ገንዘብ ቤተሰቡ ለሌላ ያውለዋል የሚል ስጋትም አለ። ይህ የሚሆነው በተለይ ዋናው ቀለብ ሲያንስ ወይም ሲዘገይ ነውና መፍትሔው ሁለቱንም በጊዜው ማድረስ ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። የቀረው ጊዜ አጭር ነው። ስለዚህ በሪፖርታችሁ ላይ ከተከፋፈለው ኩንታልና ከተረጂው ቁጥር ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ከተጠቃሚ ቤት ሕፃናት ስንቱ የተመጣጠነ ምግብ በላ? ኃላፊዎችም በዚህ ቁጥር ይጠየቁ።