የጢስ ዓባይ ውኃ ሒሳብ

ርእሰ አንቀጽ

ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ በተደረገው ክርክር የቀረበው ጥያቄ «ለአገራችን የሚበጀው ፈጣን ልማት ነው ወይስ ዘላቂ ልማት?» የሚል ነበር። ክርክሩ የጦፈ ነበር፤ ጭብጨባውም አላነሰም። ዳሩ ግን ከተናጋሪዎቹ አብዛኞቹ ስለ አማዞን ደንና ስለ ሰሜን ዋልታ በረዶ ብዙ ሲናገሩ፥ ከአገራቸው አንድ ወንዝ ወይም አንድ ማሳ ስሙን ጠርቶ የተናገረ ሰው አልሰማንም። አዳራሹ በኤሌክትሪክ መብራት ደምቆ ነበር፤ መብራቱ ከየት እንደመጣ ግን የጠየቀ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ አንድ ውኃ ብቻ ለመጻፍ ተነሥተናል።

ከዚህች ጋዜጣ አዘጋጆች መካከል ሁለት ሦስታችን የቡሬና የፍኖተ ሰላም ልጆች ነን። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳለን በአንድ የበጋ ወር በአውቶቡስ ተጭነን ጢስ ዓባይን ለማየት ሄድን። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የአቧራው ነገር ሌላ ነው። የፏፏቴውን ሥዕል ከሕፃንነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ በቀድሞው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ታትሞ በአባቶቻችን ኪስ ሲዞር የኖረ ነውና። (ኖቱም በኋላ በሳንቲም ተተካ።) ከአፋፉ ፊት ለፊት ስንደርስ ግን ያየነው ጥቁር ቋጥኝና በአንድ ጥግ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ «ጢሱስ የታለ?» ቢል ሁላችንም ሳቅን። መንገድ ይመሩን የነበሩት አዛውንት ግን አልሳቁም። «ልጆቼ፥ ውኃው አልደረቀም፤ ሥራ ሄዷል» አሉን። ያን ጊዜ ቀልድ መስሎን ነበር።

የነገሩን አመጣጥ እንግለጽ። ግልገል ዓባይ የሚነሣው በምዕራብ ጎጃም፥ ሰከላ ውስጥ ካለው ከግሽ ዓባይ ነው። እርሱና ጉማራ፥ ርብና መገጭ ወደ ጣና ከሚገባው የወንዝ ውኃ አብዛኛውን ያመጣሉ። 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ሐይቅ የተቀበለውን በባሕር ዳር በኩል ይለቃል፤ የተለቀቀውም ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወድቃል። ክረምት ሲበረታ የውኃው መጋረጃ ስፋት 400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ገደል አጠገብ በ1956 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቆመ። ጉልበቱ ከ11 ሜጋዋት ብዙ አያልፍም ነበር፤ የተሠራውም ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ለከተማው ኃይል እንዲሰጥ ነው። ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በቦይ ጠልፎ፥ በተርባይን አዙሮ፥ ከፏፏቴው በታች ወደ ወንዙ ይመልሰዋል። የሚወስደው ጥቂት ስለነበረ ፋብሪካውም ፏፏቴውም ከአንድ ወንዝ እየጠጡ አብረው ኖሩ።

በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በር ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ። መጀመሪያ ሁለት መዝጊያዎች ነበሩት፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። በዚያው ጊዜ 73 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጢስ ዓባይ ሁለተኛ ተተከለ። የግድቡ ሥራ የክረምቱን ውኃ በሐይቁ አቆይቶ በበጋ መልቀቅ ነው። አንባብያን ልብ ይበሉ፤ ከዚህ የተነሣ በበጋ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ ከድሮው በዛ እንጂ አላነሰም። ነገር ግን አፋፉ ሳይደርስ ወደ ቦዩ ስለሚገባ፥ ወንዙ በሞላበት ወራት ፏፏቴው ጐደለ። ይህን ስናጠና የአዛውንቱ ቃል ቀልድ እንዳልነበረ ገባን።

ይህን የሠሩትን ሰዎች ለመክሰስ አልተነሣንም። በ1995ና በ2001 ዓ.ም. በአገራችን መብራት በፈረቃ ይታደል እንደነበር ከእኛ ታላላቆች የሆኑት ያስታውሳሉ። ወፍጮ ቆሞ፥ ፋብሪካ ሥራ ፈትቶ፥ በሐኪም ቤት ቀዶ ጥገና መብራት እስኪመጣ ሲጠበቅ፥ «ፏፏቴው ውብ ነውና አይነካ» የሚል መሐንዲስ ቢኖር እኛም አንሰማውም ነበር። ከሕዝባችን ገሚሱ ያህል እስከ ዛሬ የኤሌክትሪክ መብራት ሳያገኝ፥ ድህነትን እንደ ተፈጥሮ ጌጥ አድርገው የሚያወድሱ ጽሑፎችን ስናነብ ደስ አይለንም። እንዲህ ያለው አሳቢነት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መብራት ከማይጠፋበት አገር ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ የሚፈተነው በክፉ ቀን ነው። በ1994 ዓ.ም. ዝናቡ አነሰ፤ ተርባይኖቹ ግን ውኃ መጠጣታቸውን አላቆሙም። በ1995 ዓ.ም. የጣና ሐይቅ በልኬት ከታወቀበት ዘመን ሁሉ ዝቅ ወዳለው ከፍታ ወረደ። መርከቦች ወደብ መድረስ ተስኗቸው ሥራቸውን አቋረጡ፤ ደንገል ደረቀ፤ የዓሣው ምርት ቀነሰ፤ ውኃው የሸሸውን መሬት ገበሬ አረሰው። የሐይቁ ዳር ሰው ያንን ዓመት የድርቅ ዓመት ብቻ አድርጎ ቢቆጥረው አይፈረድበትም፤ መዝጊያውን የሚከፍተው ማን እንደሆነ፥ ስንት እንደሚለቅ የነገረው አልነበረምና።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ቀጥሎ የመጣው ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። ይህ ጣቢያ ውኃውን ከሐይቁ በስተምዕራብ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ወስዶ፥ ከ300 ሜትር በላይ ቁልቁል ጥሎ፥ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት ይችላል። በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ነገሩ ትክክል ነው፤ ያው አንድ በርሜል ውኃ በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ጉልበት ብዙ እጥፍ በበለስ ይሰጣል። ስለዚህ ውኃው ወደ በለስ ዞረ፤ የጢስ ዓባይ ጣቢያዎችም ወደ መጠባበቂያነት ወረዱ። እንግዲህ ፏፏቴውን ያደረቀው መኪና ራሱ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ውኃ አጣ ማለት ነው። ለዘጠኝ ዓመት ሥራ ሲባል የተሰጠው ነገር ግን ከዘመነ ሱስንዮስና ፋሲል ድልድይ በፊት ጀምሮ በዚያው ቦታ ሲያጓራ የኖረ ነው።

ታዲያ በየዕቅዱ የሒሳብ መዝገብ ላይ ስሚንቶው፥ ብረቱ፥ የአማካሪው ደመወዝ፥ የብድሩ ወለድ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። በጢሱ እርጥበት የሚኖረው የገደሉ ሥር ዛፍና ሣር የተጻፈው በየትኛው ዓምድ ነው? ጎብኚን በታንኳ የሚያሻግረው ጎረምሳ፥ ቅልና ነጠላ የምትሸጠዋ እናት፥ መንገድ መሪው አዛውንትስ? እውነቱን ለመናገር፥ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ሰላም በማጣቱ የቀረውን የጎብኚ ቁጥር በውኃው ላይ ማላከክ አይገባንም። ነገር ግን ሰላም ሲመለስ የሚመለሰው ሰው ምን ሊያይ ነው? ደግሞም ፏፏቴው የዓይን ምግብ ብቻ አይደለም። ከታች ያለው የዓባይ ዓሣ ወደ ጣና እንዳይወጣ የከለከለው እርሱ ነው፤ በሌላ አገር የማይገኙት የጣና ዓሦች ለብቻቸው ተለይተው የኖሩት ከዚህ በር በስተጀርባ ነው። ከሁሉ የሚከብደን ግን ይህ ነው፤ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ስንመለስ የሽቦው ምሰሶ በአናታቸው የሚያልፍ ጎጆዎች ውስጥ ኩራዝ ሲበራ አይተናል።

ዘላቂ ልማት የሚባለው ሐሳብ በዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1987 በወይዘሮ ብሩንትላንድ የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ ነው። ፍሬ ነገሩም የዛሬው ሰው ጉዳዩን ሲፈጽም የሚመጣው ትውልድ የራሱን ጉዳይ መፈጸም እንዳይሳነው ማድረግ ነው። መልካም ትርጓሜ ነው፤ እኛ ግን አንድ ቅሬታ አለን። ስለሚመጣው ትውልድ ሲነገር ዛሬ በምሰሶው ሥር የተቀመጠው ትውልድ ይረሳል። በዚህ ረገድ የራሳችን ሕገ መንግሥት የተሻለ ይናገራል። አንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፥ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ የሚመለከት ፕሮጀክት ሲታሰብ ሐሳባቸውን የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያስታውቃል። የልማት ሥራ በአካባቢ ላይ የሚያስከትለው ጉዳት አስቀድሞ እንዲጠና የሚያዘው አዋጅ ቁጥር 299 ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል። ጢስ ዓባይ ሁለተኛ ግን አስቀድሞ ተተክሎ ነበር፤ ሕጉ ከመኪናው ኋላ መጣ።

ነገሩ የውኃ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ ወደ እኛ ወረዳዎች ይምጣ። በምዕራብ ጎጃም ደጋ የብዙ ገበሬ ማሳ አሲድ ሆኗል። ማዳበሪያው ይገዛል፥ ይበተናል፤ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ኖራ ቢጨመርበት መሬቱ ይድናል፤ ኖራው ግን ለአንድ ሄክታር በኩንታል የሚቆጠር ብዙ ጭነት ስለሚጠይቅ ከመንገድ ለራቀ ሰው አይደርስም። ስለዚህ አባቶቻችን ማሳውን ባሕር ዛፍ ይተክሉበታል። ተሳስተዋል አንልም፤ ባሕር ዛፍ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ይከፍላል። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች አንዱ በባሕር ዛፍ ዋጋ የተማረ ነው። ዳሩ ግን ልጁ ተመርቆ ሲመለስ እህል የሚዘራበት መሬት የለም። ከላይ የታጠበውም አፈር በግልገል ዓባይ ተጭኖ ጣና ይገባል፤ በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታወቀው እምቦጭ የሚበላው አንድም ከየማሳው የታጠበውን ይህንኑ ማዳበሪያ ነው። ሰከላ ላይ የተደረገ ነገር ባሕር ዳር ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ባሕር ዳር ላይ የተዘጋ መዝጊያ ጢስ ዓባይ ላይ ይታያል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኛ የምንጠይቀው ጣቢያ እንዲዘጋ አይደለም። የበለስ ጣቢያ በተመረቀበት ዘመን ግድም የወጣ የውኃ ጥናት፥ ከጣና መውጫ በታች ያለው ወንዝና ፏፏቴው ነፍስ እንዲዘራ በዓመት 862 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ፥ ማለትም ከዓመታዊው ፍሰት 22 በመቶ ያህል እንደሚያስፈልገው ገምቷል። ይህ ለበለስ ጥቂት አይደለም፤ የሚቀር ኃይል እንዳለ እናምናለን። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጧል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። በጢስ ዓባይ የወረደውም በበለስ የዞረውም ውኃ መገናኛው እዚያው ግድብ ላይ ነው። ቀድሞ «ፏፏቴው ላይ የፈሰሰ ውኃ የባከነ ውኃ ነው» ይባል ነበር፤ ዛሬ ያ ውኃ ጢሱን አጭሶ፥ ሣሩን አርሶ፥ ከዚያ በኋላም ተርባይን ያዞራል። ክርክሩ እንደገና ቢከፈት አዲስ መልስ ሊኖረው ይችላል የምንለው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ የጨረጨራ መዝጊያዎች በየወሩ ስንት ውኃ እንደሚለቁ በአማርኛ ተጽፎ በጢስ ዓባይ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ እንላለን። ለፏፏቴው የሚገባው ውኃ በባለሥልጣን በጎ ፈቃድ ወይም በእንግዳ መምጣት ሳይሆን በቍጥር ይወሰን። የቀበሌው ሰዎችም ቍጥሩ በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ ይቀመጡ፤ የሚቀመጡትም ለማጨብጨብ አይሁን። ምሰሶው በደጃቸው ለሚያልፍ ቤቶች መስመሩ ይውረድላቸው፤ ይህን ለመጠየቅ ጥናት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ለመምህራኖቻችንም አንድ ቃል አለን። በውኃ ምሕንድስና ክፍል የግድብ ጉልበት እንዴት እንደሚሰላ በሚገባ አስተምራችሁናል፤ ለዚህም እናመሰግናለን። ነገር ግን በአራት ዓመት ውስጥ ከግድቡ በታች ያለ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ በፈተና ጥያቄ ውስጥ ገብቶ አላየንም። ከጥቂት ዓመት በኋላ የዚህን የመሰለ ጥናት ላይ የምንፈርመው እኛ ነን። የሕግ ክፍል ጓደኞቻችንም አንቀጽ 43ን በቃላችሁ ታውቁታላችሁና፥ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራበት ጽፋችሁ ብትሰጡን በደስታ እናትመዋለን።

ማኅበራችን ከዚህ በላይ ያሉትን ጥያቄዎች በደብዳቤ አዘጋጅቶ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች እንዲልክ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሐሳብ እናቀርባለን። መልስ ሲመጣ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን፤ ካልመጣም አለመምጣቱን ከነቀኑ እናወጣለን።