ለመነቀስ ቀጠሮ ለያዛችሁ

በዚህች መጽሔት ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ፥ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓትና ስለ ውኃው መጥፋት ብዙ ተጽፏል። ስለ ቆዳችን የጻፈ ግን እስካሁን የለም። ነገሩ እንደ ቀልድ ሊቈጠር ይችላል፤ ይሁን እንጂ ቅዳሜ ከግቢ ወጥተው እሑድ በክንዳቸው፥ በአንገታቸው ወይም በቍርጭምጭሚታቸው ላይ አዲስ ንቅሳት ይዘው የሚመለሱ ወንድሞችና እኅቶች እየበዙ ስለሄዱ ዝም ማለት የማይገባን ሆኖ አገኘነው።

የምንጽፈው ለመኰነን አይደለም፤ ኰናኞቹ ሞልተዋል። ለማወደስም አይደለም። ለአንድ ፈተና ሦስት ሌሊት ሙሉ የሚያጠና ተማሪ ዕድሜ ልኩን ለሚሸከመው ምልክት አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቅ ከወንበር ላይ መቀመጡ ስላስገረመን ነው።

ከኰናኞቹ መካከል ንቅሳት ከምዕራባውያን የተቀዳ ነው የሚሉት በተለይ ያስቁናል። በጎንደር፥ በጎጃም፥ በወሎ ወይም በትግራይ ገጠር ያደገ ተማሪ እስቲ የአያቱን አንገት ያስታውስ። በአንገታቸው ዙሪያ እንደ ሐብል የተደረደረው መስመር፥ በግንባራቸው ላይ ያለው መስቀል፥ ጥርስ ነጥቶ እንዲታይ ተነቅሶ የጠቈረው ድድ ከፓሪስም ከኒውዮርክም የመጣ አይደለም፤ ጥቀርሻ ተለውሶ በመርፌ ወይም በእሾህ የተወጋ ነው። ኢየሩሳሌምን ከተሳለሙ ምእመናን መካከልም የመሳለማቸው ምስክር እንዲሆን በክንዳቸው ላይ መስቀል ያስነቀሱ ብዙ ናቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በኢጣልያ ድንበር ላይ ከበረዶ ውስጥ የወጣው፥ ከሞተ 5000 ዓመት ያለፈው ሰው እንኳ በገላው ላይ 61 ንቅሳት ተቈጥሮበታል።

ነገር ግን የእናቶቻችንን ንቅሳት ካነሣን እውነቱን ሁሉ እንናገር። ከነርሱ ብዙዎቹ የተነቀሱት ገና ሕፃናት ሳሉ፥ ትልልቅ ሰዎች እጅና እግራቸውን ይዘው ነው። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። አንዱ መርፌም ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ እናቶች አንዳንዶቹ ወደ ከተማ ሲመጡ አንገታቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፤ በጨረር የሚያጠፋ ሐኪም የሚያፈላልጉም አሉ፤ ልጆቻቸው ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ይነቀሳሉ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ፌዝ ያወራዋል፤ ለእኛ ግን ግልጽ ነው። እናትየዋ አልተጠየቀችም፤ ልጅቱ ተጠይቃለች። የተጠየቀ ሰው ደግሞ የሚመልሰውን ማወቅ አለበት።

ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ዛሬ በከተማው የሚሠራበት መኪና አሳቡ የተገኘው ቶማስ ኤዲሰን ጽሕፈት ለማባዛት ከፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ብዕር ነው። ሳሙኤል ኦራይሊ የሚባል የኒውዮርክ ነቃሽ ያንን መሠረት አድርጎ በ1891 እ.ኤ.አ. ለመነቀሻ መኪና የፈጠራ መብት አወጣ። እንግዲህ ይህች ተባዝታ የምትደርሳችሁ መጽሔትና የነቃሹ መኪና ሩቅ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። ልዩነቱ በእኛ ስቴንስል ላይ የተሳሳተ ፊደል በማረሚያ ቀለም ተቀብቶ እንደገና መመታቱ ነው።

መርፌው በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ እየወጋ ቀለሙን ከላይኛው ቆዳ አሳልፎ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ያወርደዋል። የላይኛው ቆዳ በየጥቂት ሳምንቱ ይታደሳል፤ ቀለሙ የሚቀመጠው ግን ከሥሩ ነው። በዚያም የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት እንደ ጠላት ቈጥረው ይውጡታል፤ ሊያጠፉት ግን አይችሉም፤ አንዱ ሕዋስ ሲሞት ሌላው ተቀብሎ ይይዘዋል። ጥቂቱም ወደ ንፍፊት ይጓዛል። ሥዕል ከመሆኑ በፊት ቍስል ነው ማለታችን ስለዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የደሙ ጉዳይ ነው። ስለት በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ምክር ስለ ኤችአይቪ ሲነገረን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተነዋል። ስለ ጉበት ብግነት ግን ብዙ አልተነገረንም። ሄፒታይተስ ቢ የሚባለው በደም አማካይነት ከኤችአይቪ ይልቅ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ከገላ ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን መቈየት ይችላል። የዛሬ ሳምንት በሌላ ሰው ክንድ ላይ የዋለ፥ በጨርቅ ብቻ የተጠረገ መርፌ ዛሬም ንጹሕ አይደለም ማለት ነው። በሽታው ባገራችን ብርቅ አይደለም። ክትባቱ ለኢትዮጵያ ሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ከተወለድነው መካከል ብዙዎቻችን አልተከተብንም። አዋቂ ሰው በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይከተበዋል። ሄፒታይተስ ሲ ለሚባለው ግን ጭራሽ ክትባት የለውም።

ስለዚህ ማኅበራችን ስለ ስፖርት ትጥቅና ስለ ጉዞ አውቶቡስ እንደሚከራከረው ሁሉ ከግቢው ክሊኒክ ጋር ተነጋግሮ ተማሪ ሁሉ ተመርምሮ ይህን ክትባት የሚያገኝበትን መንገድ እንዲፈልግ እንጠይቃለን። ክትባቱ ለተነቀሰውም ላልተነቀሰውም ይጠቅማል፤ ምላጭ የሚዋዋሱ የአንድ ክፍል ልጆችን ሁሉ ይመለከታል።

እንግዲህ ቀጠሮ የያዘ ሰው አስቀድሞ፥ ገንዘብ ሳይከፍል፥ ወደ ነቃሹ ቤት ሄዶ ይመልከት። በግድግዳው ላይ የተሰቀለ የንግድ ፈቃድና የፊልም ተዋናዮች ፎቶግራፍ ስለ መርፌው ንጽሕና የሚናገሩት የለም። መርፌው አዲስ፥ የታሸገና በዐይናችን ፊት የሚከፈት መሆን አለበት። ቀለሙ ከጠርሙሱ ወደ ትንሽ መክደኛ ተቀድቶ የተረፈው ይደፋል እንጂ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። ቀለም በቧንቧ ውኃ አይቀጠንም። ጓንት በየሰዉ ይለወጣል፤ በጓንቱ ስልክ ያነሣ ነቃሽም እንደገና ይለውጠዋል። ተመልሶ የሚሠራበት የብረት ዕቃ በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቀቀል አለበት፤ በአልኮል መጥረግ ወይም በክብሪት ማቃጠል ይህን አይተካም። ያገለገለው መርፌ ደግሞ በጤና ጣቢያ እንደምናየው ዐይነት በማይበሳ ሣጥን ውስጥ መጣል አለበት። እነዚህን ስንጠይቀው የሚቈጣ ነቃሽ መልሱን ሰጥቶናል፤ አመስግነን መውጣት ነው።

ይህን የምንለው በባዶ አይደለም። አንድ ጓደኛችን ርካሽ ነው ተብሎ ወደ ተነገረለት አንድ ክፍል ሄዶ ከተመለሰ በአራተኛው ቀን ክንዱ አበጠ፤ ትኵሳትም ያዘው። አፍሮ ለሦስት ቀን ሹራብ ለብሶ ሰነበተ፤ ወደ ሐኪም የሄደው ጣቱን ማጠፍ ሲያቅተው ነው። ዳነ፤ ሁለት ፈተና ግን አመለጠው፤ ንቅሳቱም ዛሬ አንበሳ ይሁን ድመት አይለይም።

የስኳር በሽታ ያለበት፥ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፥ ነፍሰ ጡር የሆነች፥ ወይም በሚነቀስበት ቦታ የቆዳ በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ደግሞም ጆሮውን በተበሳበት ወይም በተከተበበት ጠባሳ ላይ ሥጋ ያበጠበት ሰው፥ ሐኪሞች ከሎይድ የሚሉት ማለት ነው፥ መርፌው በወጋው መስመር ሁሉ እንደዚያው ሊያብጥበት ይችላል። ይህ ደግሞ ጠቈር ያለ ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል። ከቀለማት ውስጥ የማሳከክና የማበጥ ጣጣ በማምጣት የታወቀው ቀይ ነው።

ስለ ሥዕሉ ምርጫ ጣልቃ መግባት አንፈልግም፤ ስለ ፊደል ግን ዝም አንልም። በፊደላችን መነቀስ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን ‘በ’ን ከ‘ቡ’፥ ‘ነ’ን ከ‘ኑ’ የምትለያቸው አንዲት ቅጥያ ናት፤ ቀለም ደግሞ በዓመታት ውስጥ በቆዳ ሥር ጥቂት ጥቂት ይሰፋል። በትንሹ የተጻፈ ‘ልቤ’ ቀለበቱ ተዘግቶ ‘ልቢ’ ይሆናል፤ ቈይቶም የቀለም ጠብታ ይሆናል። ስለዚህ ፊደሉ ተለቅ፥ ክፍተቱም ሰፋ ይበል። በሀና በሐ፥ በሰና በሠ መምህራን እንኳ ይከራከራሉ፤ ክርክሩ ከመርፌው በፊት ይለቅ። ጽሑፉን ከነቃሹ ሌላ ሁለት ሰዎች ያንብቡት። ብጫና ነጭ በእኛ ቆዳ ላይ ብዙ አይታዩም፤ ጥቁር ይሻላል። የወዳጅን ስም ስለ ማስነቀስ የምንለው የለንም፤ አንድ ሴሚስተር ስንት ወር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

በጨረር ይጠፋል ብሎ የሚተማመን ካለ ነገሩ እንደሚያስበው አይደለም። ማጥፋቱ በየሳምንታት ልዩነት ብዙ ምልልስ ይጠይቃል፤ ከመነቀሱ ይልቅ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል፤ አረንጓዴና ብጫ እንቢ ይላሉ፤ በጠቈረ ቆዳ ላይም የነጣ ወይም የባሰ የጠቈረ ቦታ ትቶ ሊሄድ ይችላል። ያላመነበት ሰው እናቶቻችን እጃቸውን የሚያሞቁበት እንሶስላ አለለት፤ ወይም ሥዕሉን በእስክሪብቶ እየሣለ አንድ ወር ይኑርበት። በወሩ መጨረሻ ካልሰለቸው ይሂድ።

ቀኑ ሲደርስ በደንብ የተኛና የበላ ሰው ይቅረብ። ሌሊቱን በመጠጥ ወይም በጫት ያሳለፈ ሰው ደሙ ይበዛል ወይም እጁ አያርፍም፤ ቀጠሮውን ቢያዛውር ይሻላል። ለራስ ምታት ብሎ አስፕሪን የዋጠም እንዲሁ፤ ሐኪም ያዘዘለት ከሆነ ግን መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን አያቋርጥ። የዐቢይ ጾምንም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሰው በባዶ ሆዱ እንዳይወድቅ ቀጠሮውን ከጾሙ በኋላ ያድርገው። ልብሱ ሰፊና ቀለም ቢነካው የማያሳዝን ይሁን። አንድ ጓደኛ ይበቃል፤ አምስት ሆነው የሚሄዱት ነቃሹን እያሳቁ መስመር ያስጠምማሉ።

በመጀመሪያ ቦታው ይታጠባል፤ ጠጕሩም በአዲስ ምላጭ ይላጫል። ከዚያ ሥዕሉ በሐምራዊ ማባዣ ወረቀት ቆዳው ላይ ይለጠፋል። በመስተዋት ፊት ቆሞ፥ ክንዱን ዘርግቶና አጥፎ ማየት ያለበት ያን ጊዜ ነው፤ ካልወደደው ታጥቦ እንደገና ይለጠፋል። አፍሮ እሺ ማለት የብዙ ሰው በሽታ ነው። መርፌው ሲጀምር ስሜቱ በፀሐይ በተቃጠለ ቆዳ ላይ ጥፍር እንደ መሳብ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከብዳሉ፥ ከዚያ ይለመዳል። በጎድን አጥንት፥ በእግር ጀርባና በቍርጭምጭሚት ላይ ያማል፤ በክንድ ውጭ በኩል ይቀላል። ጥቂት ደምና ውኃ የመሰለ ፈሳሽ መውጣቱ የተለመደ ነው። ላብ ላብ ያለውና ዐይኑ የጨለመበት ሰው ጀግንነቱን ትቶ ወዲያው ይናገር፤ ይጋደም፥ ጣፋጭም ይቅመስ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የራሱ ነው። ቦታው ለጥቂት ቀን ይቀላል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይላጣል፤ ላይ ላዩ ለመዳን ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። በቀን ሁለት ጊዜ በንጹሕ እጅ፥ በለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። በመኝታ ቤታችን ውኃው የሚጠፋው ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ስለሆነ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በጀሪካን ይቀመጥ። ፎጣ መዋዋስ፥ ቅርፊቱን መፋቅ፥ መዋኘትና ፀሐይ መሞቅ ይቅር። የቡና ዱቄት፥ ቅቤና የጥርስ ሳሙና ከቍስሉ ይራቁ፤ ደጋግ ጎረቤቶች ማምጣታቸው አይቀርም። ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፥ መግል ከያዘ ወይም ትኵሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ነው።

ደም ለጋሽ ለሆናችሁ አንድ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የተነቀሰ ሰው ከተነቀሰበት ቀን ጀምሮ ለ6 ወር ደም መስጠት አይችልም። በግቢያችን ደም ሲሰበሰብ ከሚሰለፉት ወገን ከሆናችሁ መጀመሪያ ለግሱ፥ ከዚያ ተነቀሱ። ተነቅሶ የሚመጣም ለነርሷ አይደብቅ።

የቀጠሮውንም ሳምንት መምረጥ ያስፈልጋል። ከፈተና በፊት ያለው ሳምንት አይሆንም፤ ወደ ቤት ከመሄድ በፊት ያለው ቀን ደግሞ የባሰ ነው፤ ያልዳነ ቍስልና የአባት ቍጣ በአንድ ላይ አይቻሉም። በቀኝ ትከሻቸው ላይ ለመነቀስ ያሰቡ ወንድሞች ደግሞ ሰላምታችን ትከሻ ለትከሻ መሆኑን አይርሱ፤ እስኪድን ድረስ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሩቁ እጅ እየነሡ ይሂዱ።