ዳኛው ማነው? የሮክ ባንዶችን በደረጃ ስለ መደርደር

ሯጭ የመጨረሻውን ክር በደረቱ በበጠሰ ጊዜ ዳኛውም፣ ተመልካቹም፣ ተሸናፊውም የሚያዩት አንድ ነገር ነው። ሰዓቱ ይመሰክራል፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል። ሙዚቃ ግን የሚበጠስ ክር የለውም። ይህ እየታወቀ፣ «የዘመናት ሁሉ ታላላቅ የሮክ ባንዶች» በሚል አርእስት ከአንድ እስከ አሥር፣ ከአንድ እስከ መቶ እየተቆጠረ የሚወጣው ሰንጠረዥ ከሙዚቃ ሒስ ይልቅ የሚነበብ፣ ከሒስም ይልቅ የሚታመን ሆኗል። ወጣቱ የቢትልስን ዘፈን ከማድመጡ በፊት የቢትልስን ቁጥር ያውቃል። ሌድ ዜፕሊን ከሮሊንግ ስቶንስ ይበልጣል ወይስ ያንሳል እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይሟገታል፤ የሁለቱም ሙዚቃ ከማን ጓዳ እንደ ወጣ ግን አይጠይቅም። እኛ የምንሟገተው ከወጣቱ ጋር አይደለም። ሙግታችን ቁጥሩን ከሚያድሉት ዳኞች ጋር ነው።

ነገራችን በአየር ላይ እንዳይቀር ምሳሌ እንያዝ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1967 በሳን ፍራንሲስኮ የተመሠረተው «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው መጽሔት በ2003 አምስት መቶ ታላላቅ አልበሞችን በደረጃ ደርድሮ አወጣ። አንደኛ የተባለው በ1967 የታተመው የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ነበር። ከመጀመሪያዎቹ አሥር አልበሞች አራቱ የቢትልስ ነበሩ። በአሥሩ መካከል የተገኘው የጥቁር ሙዚቀኛ ሥራ ግን አንድ ብቻ፣ ያውም በስድስተኛነት የተቀመጠው የማርቪን ጌይ አልበም ነበር። በ2020 ያው መጽሔት አዳዲስ ዳኞችን አሰባስቦ ሰንጠረዡን እንደገና ሠራው። የማርቪን ጌይ አልበም ከስድስተኛ ወደ አንደኛ ወጣ፤ «ሳርጀንት ፔፐር» ከአንደኛ ወደ ሃያ አራተኛ ወረደ።

ለመሆኑ በእነዚያ 17 ዓመታት ውስጥ በሁለቱ ሸክላዎች ላይ ምን ተለወጠ? አንድ ኖታ አልተጨመረም፤ አንድ የከበሮ ምት አልተቀነሰም። የተለወጠው በዳኝነት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። አንዱን ዕቃ ዛሬ አንድ ኪሎ፣ ነገ ሃያ አራት ኪሎ የሚያደርግ ሚዛን በገበያ መካከል ቢገኝ ባለሚዛኑ ይከሰሳል እንጂ «የዘመናት ሁሉ ሚዛን» ተብሎ አይሞገስም። እኛ ለውጡን አንነቅፍም፤ እንዲያውም የሁለተኛው ሰንጠረዥ ዳኞች ከመጀመሪያዎቹ ይልቅ ጆሯቸው ሰፊ ነበር ለማለት እንደፍራለን። የምንነቅፈው፣ የአንድ ጉባኤ የአንድ ሰሞን ስሜት «የዘመናት ሁሉ» የሚል ካባ ተደርቦለት መቅረቡን ነው።

ደግሞስ መለኪያው ምንድን ነው? ሽያጭ ነው የሚሉን እንደ ሆነ፣ በ2018 በአሜሪካ ከሁሉ የበለጠውን የሽያጭ ማረጋገጫ፣ ማለትም የ38 ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ ያገኘው፣ ኢግልስ የተባለው ባንድ ቀደም ብሎ ያወጣቸውን ዘፈኖች ለቃቅሞ በ1976 ያሳተመው ስብስብ ነው። በዚህ መለኪያ የታላቅነት ዘውድ የሚደፋው አዲስ የፈጠረው ሳይሆን የቆየውን የሰበሰበው ይሆናል። ዕድሜ ነው የሚሉን እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያ አልበሙን በ1963 አውጥቶ በ1970 የተበተነው ቢትልስ፣ በ1962 ተመሥርቶ በ2023 አዲስ አልበም ካወጣው ከሮሊንግ ስቶንስ አጠገብ ሊቆም አይችልም። ተጽዕኖ ነው የሚሉን እንደ ሆነ፣ የቬልቬት አንደርግራውንድ የ1967 አልበም በወጣበት ዘመን ገበያ ፊቱን ያዞረበት ነበር፤ ያ አልበም ከላይ በተጠቀሰው የ2003 ሰንጠረዥ 13ኛ ሆኖ ተገኘ። ሦስት መለኪያ፣ ሦስት አሸናፊ! ሰንጠረዡ ግን ከሦስቱ የትኛውን እንደ ያዘ አይናገርም። ሲመቸው በሽያጭ፣ ሲመቸው በዕድሜ፣ ሲመቸው በተጽዕኖ ይመዝናል፤ ሦስቱም ያልተስማሙት እንደ ሆነ «ድንቅ ነው» ብሎ ያልፋል።

ዳኞች የቅርቡን እንኳ የማያዩ መሆናቸውንም የሮክ ታሪክ ራሱ መዝግቦልናል። በ1962 የመጀመሪያ ቀን አራት የሊቨርፑል ወጣቶች ለንደን በሚገኘው የዴካ ኩባንያ ስቱዲዮ 15 ዘፈኖች ተጫውተው ተፈተኑ። ኩባንያው አልፈልጋቸውም ብሎ አሰናበታቸው። እነዚያ ወጣቶች በኋላ ሰንጠረዡ ሁሉ አንደኛ የሚላቸው ቢትልስ ናቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ የጥበብ ፍርድም እያደር እንጂ በአንድ ጀምበር አይጠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሰንጠረዥ የሚሠራው ትልቁ በደል ቁጥሩን ማሳሳቱ አይደለም፤ ዕዳን መሰወሩ ነው። ሮክ ባንድ ከሚባለው ነገር በፊት የሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ፣ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያንና የቺካጎ ጭስ የሞላባቸው መጠጥ ቤቶች ነበሩ። ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው ባንድ ስሙን የወሰደው መዲ ዋተርስ በ1950 ካወጣው ዘፈን ነው። ሰንጠረዡን የሚያወጣው መጽሔትም ስሙ የሚመዘዘው ከዚያው ዘፈን ነው። ተመዛኙም መዛኙም የአንድ ጥቁር የብሉዝ ዘፋኝ ስም ወራሾች ሆነው ሳለ፣ የባንዶች ሰንጠረዥ ቆጠራውን የሚጀምረው ከወራሾቹ ነው።

ሌድ ዜፕሊንንም እንመልከት። በ1969 ያወጣው «ሆል ሎታ ላቭ» የተባለው ዘፈን ዊሊ ዲክሰን ደርሶት መዲ ዋተርስ በ1962 ካዜመው ዘፈን ቃል ወስዷል። ሸክላው ሲወጣ የዲክሰን ስም አልነበረበትም። ዲክሰን በ1985 ክስ መሠረተ፤ ጉዳዩም በ1987 በስምምነት አለቀ። በመካከሉ ያለፉት ዓመታት አሥራ ስምንት ናቸው! «አንበሳ ምን ይበላል? ተበድሮ። ምን ይከፍላል? ማን ጠይቆ» ያሉት አበው ይህን ያዩ ይመስላሉ። ባንዱ ከወሰደው ነገር አዲስና ኃይለኛ ሥራ አልሠራም አንልም፤ ሠርቷል። ነገር ግን «የምንጊዜም ታላቅ» ተብሎ ሲጻፍ ከቁጥሩ ጎን የአበዳሪው ስም የት አለ? ሰንጠረዥ ለዚህ የሚሆን ዓምድ የለውም።

ሙዚቀኞቹ ራሳቸው አንዳንድ ጊዜ ከዳኞቻቸው ይልቅ ፍትሐውያን ነበሩ። ሮሊንግ ስቶንስ በ1965 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲጋበዙ ሃውሊን ዉልፍ የተባለው የብሉዝ አንጋፋ አብሮ እንዲቀርብ አስደርገዋል። ወጣቶቹ እግሩ ሥር ተቀምጠው እሱ ሲዘፍን ታየ። ይህ አንድ ምሽት ስለ ሮክ ምንነት ከአንድ መቶ ሰንጠረዥ የበለጠ ያስተምራል።

በአንጻሩ የሲስተር ሮዜታ ታርፕን ዕጣ እንይ። ይህች ሴት ገና በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መንፈሳዊ መዝሙርን በኤሌክትሪክ ጊታር እያጀበች፣ ሌሎች በኋላ ሮክ ኤንድ ሮል ብለው የሸጡትን ድምፅ ታሰማ ነበር። በ1973 በፊላደልፊያ አረፈች፤ መቃብሯም ከ30 ዓመት በላይ የስም ድንጋይ ሳይቆምለት ኖረ። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ የመጀመሪያዎቹን ተመራጮች በ1986 ሲቀበል ስሟ አልተጠራም። የተጠራው በ2018 ነው። ዕንቅልፉ 32 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። በ2023 ደግሞ ከመጽሔቱም ከአዳራሹም መሥራቾች አንዱ የሆነው ጃን ዌነር የታላላቅ ሮከኞች ቃለ ምልልስ ብሎ ባሳተመው መጽሐፍ ሰባት ነጭ ወንዶችን ብቻ አካተተ። ለምን ሲባልም ስለ ሴቶችና ስለ ጥቁር ሙዚቀኞች የሰጠው መልስ ከአዳራሹ የቦርድ አባልነት እንዲወገድ አደረገው። እንግዲህ ለአሥርታት ዓመታት ሚዛኑን በጨበጠው እጅ ውስጥ ምን እንደ ነበረ ይህ በቂ ምስክር ነው።

ሰንጠረዡ ቀለምን ብቻ አይደለም የሚመርጠው፤ ቋንቋንና አገርንም ይመርጣል። በ1968 በፕራግ የተቋቋመው ፕላስቲክ ፒፕል ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ የተባለው ባንድ የመድረክ ፈቃዱ ተነጥቆ በየገጠሩ በስውር ይጫወት ነበር። በ1976 አባላቱ ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። ይህ ክስ ካስቆጣቸው ሰዎች አንዱ የቴአትር ጸሐፊው ቫትስላቭ ሃቬል ነበር፤ ከቁጣውም በጥር 1977 «ቻርተር 77» የተባለው የመብት ሰነድ ተወለደ። ሃቬል በ1989 መጨረሻ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ። ለአንድ ሕዝብ የሮክ ባንድ ከዚህ የበለጠ ትርጉም ሊኖረው ይችላልን? በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሰንጠረዥ አናት ላይ ግን ይህን ባንድ የሚፈልግ በከንቱ ይደክማል። በ1970ዎቹ በዛምቢያ «ዛምሮክ» የተባለውን ስልት ያስነሣው ዊች የተባለው ባንድም እንዲሁ ነው።

የእኛም በር በዚህ ነገር ተንኳኩቷል። በ2021 ያረፈው ድምፃዊ አለማየሁ እሸቴ በውጭ ጸሐፊዎች ብዕር «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ሲባል ኖሯል። ቃሉ ለምስጋና እንደ ተነገረ እናውቃለን። ሆኖም ኤልቪስን «የአሜሪካው አለማየሁ» ብሎ የጻፈ እስከ ዛሬ አላየንም። መለኪያው ሁልጊዜ እዚያ ነው፤ ተለኪው ሁልጊዜ እዚህ። አንድን ድምፃዊ በራሱ ቅኝት፣ በራሱ ግጥም፣ አብሮት በቆመው ባንድ አሠራር ከመመዘን ይልቅ የሌላ ሰው ጥላ ማድረግ ያው የሰንጠረዥ አስተሳሰብ ነው፤ ልዩነቱ ቁጥር ያልተጻፈበት መሆኑ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ ቁጣ ለምን? ሰንጠረዥ ጨዋታ ነው፤ ወጣቱን ወደ ሙዚቃ ያስገባል» የሚሉ ይኖራሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ወጣቱ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ሲያልፍ ያላሰበውን ዘፈን የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ጨዋታው ሒሳብ ያስከፍላል። በሰንጠረዥ የገባው ሸክላ እንደገና ይታተማል፣ ይሸጣል፣ ይደመጣል፤ ያልገባው በጓዳ ይሻግታል። ዴዝ የተባለውን የዲትሮይት ባንድ የመሠረቱት ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች በ1975 ዘፈኖቻቸውን ቀረጹ። ስማችሁን ለውጡ ቢባሉ እንቢ አሉ፤ አልበሙም ሳይወጣ ቀረ። የወጣው በ2009 ነው። ሰው ሲሰማው፣ ፐንክ የሚባለው ስልት ስም ሳያገኝ እነዚህ ወጣቶች በአንዲት ክፍል ውስጥ ሲጫወቱት እንደ ነበር ተረዳ። በእነዚያ 34 ዓመታት ውስጥ የወጡት ሰንጠረዦች ሁሉ «የዘመናት ሁሉ» ይሉ ነበር፤ ያልሰሙትን እንዳልሰሙ እንኳ ሳያውቁ።

እንግዲያውስ ሁሉም ባንድ እኩል ነው፣ ማበላለጥ ነውር ነው ማለታችን ነውን? ከቶ አይደለም! ፍርድ የሌለበት ኪነ ጥበብ አረም የበዛበት ማሳ ነው። የምንለው፣ ፍርድ በምክንያት ይሰጥ ነው። ለምሳሌ ቢትልስ ታላቅ ነው ብለን እንፈርዳለን። ምክንያታችንም ይኸው፦ በ1963 የመጀመሪያ አልበማቸውን አብዛኛውን ክፍል በአንድ ቀን ውሎ የቀረጹት ወጣቶች፣ በ1966 «ኤሊነር ሪግቢ» በተባለው ዘፈን ጊታሩንም ከበሮውንም አስቀምጠው ድምፃቸውን በስምንት የክር መሣሪያ ተጫዋቾች ብቻ አስጀቡ። በዚያው ዓመት የመድረክ ጉዞ አቁመው ስቱዲዮውን ራሱን እንደ መሣሪያ መጫወት ያዙ። በሦስት ዓመት ውስጥ የባንድን ትርጉም ሲለውጡ ሌሎች የሚገቡበትን በር ከፈቱ። ይህን ፍርድ የሚቃወም ካለ የሚይዘው ነገር ሰጥተነዋል፤ ዘፈኑን አድምጦ፣ ምክንያታችንን ፈትኖ ሊረታን ይችላል። «አንደኛ» ለሚል ቁጥር ግን ምን ብሎ ይመልሳል? «የለም፣ ሦስተኛ» ከማለት በቀር መልስ የለውም።

ይህ ነገር ከሮክ አልፎ ወደ እኛ ሥራ ይደርሳል። በኪነት ውድድር ላይ ለግጥም ሰባት፣ ለቴአትር ስምንት ሰጥቶ ወረቀቱን አጥፎ የሚነሣ ዳኛ፣ ለደራሲው ያስተማረው ምንም ነገር የለም። መምህር ሆይ፣ ተማሪህ የሚወደውን ባንድ ስም ሲጠራልህ «ስንተኛ ነው?» አትበለው፤ «ከማን ተማረ? ምን ጨመረበት? ለማን አስተላለፈ?» ብለህ ጠይቀው። በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሚያልፍ ወጣት ከሊቨርፑል ተነሥቶ ቺካጎ፣ ከቺካጎ ሚሲሲፒ ይደርሳል፤ በመንገዱም ሰንጠረዡ የቀበራቸውን ስሞች ያነሣል። የጥበብ ሰው ሆይ፣ አንተም በሰፈሩት ቁና መሰፈር እንደማይቀር አስብ፤ ዛሬ በሌላው ሥራ ላይ ያለ ምክንያት የለጠፍከው ቁጥር ነገ በአንተ ሥራ ላይ ይለጠፋል።

ስለዚህ ደረጃ የሚያወጣ ሁሉ ያውጣ፤ አንከለክልም። ነገር ግን ሚዛኑን በአደባባይ ያሳይ፣ የአበዳሪዎቹን ስም ከተበዳሪዎቹ ጎን ይጻፍ፣ ያልሰማውን እንዳልሰማ ይመን። ቁጥር ይዞ የመጣ ምክንያቱንም ይዞ ይምጣ!