የእርጎው ባክቴሪያ ለቃጠሎ ቁስል፦ ከማጀት ወይስ ከቤተ ሙከራ?

ሮቤና ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በባሌ ደጋ ብርዱ ብርቱ በመሆኑ ቤተሰብ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የፈላ ውኃና የጋለ ምጣድም ከሕፃናት እጅ አይርቅም። ቃጠሎ ሲደርስ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት በአገራችን የተለመደ ነው። እርጎ «ጠቃሚ ባክቴሪያ» እንዳለው በተነገረ ቁጥር እርሱም ከእነዚህ ጋር እንዳይቀላቀል እንሰጋለን። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው ራሱ ሊጠና የሚገባው ነው ብለን እናምናለን።

ቆዳ ሲቃጠል ሰውነት ዋናውን አጥሩን ያጣል። በሞተው ሥጋ ላይ እንደ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ ያሉ ባክቴሪያዎች ይራባሉ፤ በሚያዘጋጁት ዝልግልግ ሽፋን ውስጥ ስለሚከለሉም መድኃኒት በቀላሉ አያገኛቸውም። ለረጅም ዘመን ያገለገለው የሲልቨር ሰልፋዳያዚን ቅባት ባክቴሪያን ቢገድልም አዲስ የሚበቅለውን የቆዳ ሕዋስ ሊጎዳ ይችላል።

በአርጀንቲና፣ በቱኩማን የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ላክቶባሲለስ ፕላንታረም ሱዶሞናስ የሚግባባባቸውን ኬሚካላዊ ምልክቶችና ሽፋን መሥራቱን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ አሳይተዋል፤ በተቃጠሉ አይጦችም ላይ ሞክረውታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ባክቴሪያውን በ80 ሕሙማን ላይ ባካሄዱት ጥናት ከቅባቱ ጋር አነጻጽረው የሚቀራረብ ውጤት አግኝተዋል። ጥናቱ አነስተኛ በመሆኑ ተስፋን እንጂ ማረጋገጫን አይሰጥም።

ታዲያ እርጎ ለምን አይቀባም? የማጀት እርጎ የአንድ ባክቴሪያ መኖሪያ አይደለም። ካልፈላ ወተት ሲሠራ ስታፊሎኮከስ፣ ኢ. ኮላይና ብሩሴላ ሊገኙበት ይችላሉ። ጨጓራ በአሲድ ይከላከላል፤ የተቃጠለ ቆዳ ግን መከላከያ የለውም። ጠቃሚ የሚባለው ባክቴሪያ እንኳ ወደ ደም ከገባ የደከመን ሕመምተኛ ሊጎዳ ይችላል። ትክክለኛው የመጀመሪያ ርዳታ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈንና በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

«ሆስፒታሎቻችን ፋሻና ጓንት ሲያጥራቸው ይህ ቅንጦት አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ፋሻው መቅደም እንዳለበት አንከራከርም። ነገር ግን የምርምሩ የመጀመሪያ ደረጃ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከባሌ ገጠሮች እርጎና ከቦረና ኢቲቱ ሰብስቦ ላክቶባሲለሶችን መለየት፣ ከቁስል በተገኙ ባክቴሪያዎችም ላይ መሞከር በማንኛውም መደበኛ የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ የሚቻል ነው። ሮቤ ላይ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ፣ ጎባ ላይ ሪፈራል ሆስፒታሉ ይገኛሉ። የእንስሳትና የሰው ሙከራ ግን ከደኅንነት ምርመራና ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በኋላ ብቻ መምጣት አለበት።

በተጨማሪም ቅሉን በወይራ እያጠነች ይህን ባክቴሪያ ለትውልድ ያቆየችው የገጠር እናት ናት። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰብ ከጄኔቲክ ሀብቱና ከዕውቀቱ ተጠቃሚ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። በጤፍ ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት ወጥቶበት እንደነበር አንዘነጋም። እኛ ሳንመረምረው ሌላው ቢመረምረው የምናዝነው በማን ይሆን?