ከበሮው ለማን ይመታ?

ባለፈው መንፈቅ ዓመት አል አይን ላይ በተደረገው የተማሪዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ የሌሎች አገሮች ተማሪዎች ከበሮና ጡሩምባ ይዘው ተሰልፈው ነበር። እኛ እጃችንን አጣምረን ተቀመጥን። ከአጥሩ ጥግ ግን በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ በእረፍት ቀናቸው የመጡ ጥቂት እኅቶቻችን እልል አሉልን። ከመካከላችን ፊታቸውን ያዞሩ ነበሩ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ እፍረት ነው።

አንዳንድ ወገኖች «የመጣነው ለትምህርት ነው፤ ጭፈራ የሥራ ፈት ነገር ነው» ይላሉ። ይህ አመለካከት ከመሠረቱ ስሕተት ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች የተማሪዎች የሙዚቃ ባንድ ከደጋፊው ጋር ተቀምጦ ቡድኑን ማበረታታቱ የትምህርት ቤቱ ሕይወት አንድ ክፍል ነው። ሩቅ ሳንሄድ፣ የአል አይን ክለብ እ.ኤ.አ. በ2024 በእስያ ሻምፒዮኖች ሊግ ፍጻሜ የመጀመሪያውን ጨዋታ በዮኮሃማ 2 ለ 1 ተሸንፎ ተመለሰ። ደጋፊው ግን አልከዳውም፤ በሐዛዕ ቢን ዛይድ ስታዲየም በተደረገው የመልስ ጨዋታ ክለቡ 5 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ።

እኛስ ምን አጥተን ነው? አውራጅና ተቀባይ፣ ከበሮና ጭብጨባ ከቤታችን የወጡ ናቸው። የቅዱስ ጊዮርጊስና የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች የአዲስ አበባን ስታዲየም ያደመቁት በዚሁ ነው። ከሁሉም በላይ የገና ጨዋታችንን እናስታውስ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋጠማሉ፤ ያሸነፈው የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጠዋል፤ ጌታም ቢነካ አይቆጣም። አያቶቻችን በዓመት አንድ ቀን ያፈረሱትን አጥር እኛ ተምረናል ባዮች በባዕድ አገር መልሰን ልናጥር ነውን?

በሌላ በኩል ራሳችንንም መገሠጽ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስንበቃ፣ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 በተለያየንበት ጨዋታ ከደጋፊዎቻችን መቀመጫ ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ተወርውሮ ጨዋታው ተቋርጦ ነበር። ባገር ቤት ስታዲየሞችም የብሔር ስድብ የተሰማበት ጊዜ አለ። የገና ግጥም ተጋጣሚን ይነካል እንጂ ዘሩን አያነሣም። ልዩነቱን የማያውቅ ከበሮ ባይመታ ይሻላል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ማኅበራችን በአቡ ዳቢና በአል አይን የድጋፍ ጓድ ያቋቁም፤ ከበሮውም በአባላት መዋጮ ይገዛ።

ሁለተኛ፣ ጓዱ ለተማሪ ብቻ አይሁን። ልምምዱ ሠራተኞች ወገኖቻችን እረፍት በሚያገኙበት ቀን ይሁን፤ ድምፁ ያማረለት ማንም ቢሆን አውራጅ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ዜማው በአማርኛ ብቻ አይወሰን፤ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም፣ በሌሎች ቋንቋዎቻችንም ይዘፈን። ስድብ ያወረደ ግን ከበሮውን ያስረክብ።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 የመጀመሪያውን የአቡ ዳቢ ማራቶን በሴቶች ያሸነፈችው የኛዋ አባብል የሻነህ ነበረች። ሯጭ በፊታችን ስታልፍ የምትሰማው እልልታ የተማሪ ይሁን የቤት ሠራተኛ አትለይም፤ ያገሯ ድምፅ መሆኑን ብቻ ታውቃለች። እኛም ይህን ያህል እንወቅ። በሚመጣው ግጥሚያ ከአጥሩ ጥግ ያሉትን እኅቶቻችንን ቀድመን ሄደን እንጥራቸው፤ መካከላችንም እናስቀምጣቸው።